የስካርታን ሦስተኛው በር

ኒንያን ትዊዲ የዊጉን ጀርባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየቦረሸ ነበር። ዊጉ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። ሲገዛው ነጭ ነበር፤ አሁን ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። በጠበቆቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ወጣቶቹ እንዲህ ያለውን ዊግ በቅናት ነው የሚያዩት፤ ዊጉ ያልደበዘዘ ጠበቃ ገና ምንም ያላየ ጠበቃ ነውና።

«ተወው እባክህ፣ ፀጉሩ ሊያልቅ ነው» አለው ኢነስ ካርጊል፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ነጭ ክራቫቱን እያሰረ።

«የራስህ ሲያልቅ ዝም ብለህ አሁን ለኔ ታዝናለህ።»

ካርጊል መላጣውን ዳበስ አድርጎ ሳቀ። ሁለቱ ለጥብቅና የተጠሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዕድሜያቸውን እኩሌታ እርስ በርስ ሲከራከሩ፣ እኩሌታውን አብረው ምሳ ሲበሉ አሳልፈውታል።

«ዛሬ እንግዲህ የሰይጣንህ ሠርግ ነው።»

«ሠርግ አይደለም፤ ፈተና ነው።»

«አንተ ተሞሽረህ ቆመህ፣ እሷ ከፍ ብላ ተቀምጣ፣ ዘመድ አዝማድ ኮቱን አስተኩሶ መጥቶ። እኔ እንኳ ሠርግ ነው የምለው።»

በኤድንብራ ፍርድ ቤት ጥብቅና የሚለማመድ ሰው ሰይጣን ይባላል። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ሰይጣኑ ከአንድ ነባር ጠበቃ ሥር ገብቶ፣ ያለ ደመወዝ፣ ወረቀቱን እየተሸከመ፣ ረቂቁን እየጻፈ፣ ከኋላው ተቀምጦ እያዳመጠ ሙያውን ይማራል። ኒንያን በዘመኑ ብዙ ሰይጣኖች አሳድጓል። አንዷ የከርኮዲ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ፣ ሮና ጊልክሪስት ነበረች። ያኔ ቀጭን አንገትና የማያልቅ ጥያቄ ነበራት። ከሱ ወጥታ ጠበቃ ሆነች፤ ከዓመታት በኋላ «የንግሥቲቱ አማካሪ» የሚባለውን የነባር ጠበቆች ማዕረግ አግኝታ የሐር ካባ ለበሰች፤ አሁን ደግሞ ዳኛ ልትሆን ነው። ኒንያንም የሐሩን ካባ ለብሷል። ከዚያ በላይ የቀረችውን አንዲት ደረጃ ግን አልወጣም። ሁለት ጊዜ ስሙ ተነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ የሌላ ሰው ስም ተነበበ። ስለዚህ ነገር ከካርጊል ጋር እንኳ አውርቶ አያውቅም።

አዲስ ዳኛ ከመማሉ በፊት ይፈተናል፤ ደንቡ የጥንት ነው። ተፈታኙ ከአንድ ነባር ዳኛ ጎን ተቀምጦ የእውነት ጉዳይ ይሰማል። ከዚያ ወደ ላይኛው ችሎት ሄዶ፣ በሦስቱ ትልልቅ ዳኞች ፊት ቆሞ፣ ነገሩ ምን እንደነበረና እሱ ቢሆን እንዴት እንደሚወስን ይናገራል። በድሮ ጊዜ ሦስቱ «አይሆንም፣ ተመለስ» ማለት ይችሉ ነበር። ዛሬ ግን ወድቆ የተመለሰ ሰው የሚያስታውስ የለም። እንዳይወድቅም፣ ለፈተናው የሚመረጠው ከወረቀቱ ክምር ውስጥ የለዘበው ጉዳይ ነው፤ ተቃዋሚ የሌለው፣ «ተፈቅዷል» ከማለት በቀር ምንም የማይባልበት።

የዛሬው ጉዳይ የኒንያን ነበር። እንዲመረጥ የለመነው ራሱ ነው። ከዛሬ በኋላ ዊጉን በቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ጥብቅናን ሊተው ወስኗል። የመጨረሻ ልመናውን ለሮና አቅርቦ፣ «ተፈቅዷል» የሚለውን ቃል ከሷ አፍ ሰምቶ መሄድ ፈለገ። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ሁለቱ ሽማግሎች ወደ ትልቁ አዳራሽ ወጡ። ድሮ የአገሩ ፓርላማ የተቀመጠበት ነው፤ የጠቆረው የእንጨት ጣሪያ ከሥር ላየው የተገለበጠ የመርከብ ሆድ ይመስላል። ጠበቆች እዚያ ቆመው አያወሩም። ጎን ለጎን ሆነው ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ይመላለሳሉ፤ የሚራመድን ሰው ወሬ ማንም ቆሞ ሊያዳምጥ አይችልምና። ስንቱ ክስ ችሎት ሳይገባ እዚያ ወለል ላይ ታርቋል።

«ለመሆኑ የያዝከው ምንድን ነው?» አለ ካርጊል።

«የስካርታን ቤት።»

«ስካርታን ደግሞ የት ነው?»

«ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ። ዓሣ አስጋሪዎች የነበሩበት መንደር ነው። አንዲት ሀብታም ሴት ከመቶ ዓመት በፊት ስትሞት፣ ባላቸውን ባሕር የበላባቸው ሴቶች ይጠጉበት ብላ አራት በር ያለው ረጅም ቤት ተወች። አሁን ጀልባውም የለ፣ የሚሰምጥም የለ፤ ቤቱ ባዶ ነው። ባለአደራዎቹ ሸጠው ገንዘቡን ለሕይወት አድን ጀልባዎች ሊሰጡ ይፈልጋሉ። የሟቿን ቃል ለመለወጥ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ይፍቀድልን ይላሉ።»

«ተቃዋሚስ?»

«በጋዜጣ ተጠራ፤ ማንም አልመጣም።»

«ይሄንንማ ወንበሩ ላይ ድመት ብትቀመጥም ትፈቅደዋለች።»

«ለዚህ አይደል የተመረጠው።»

በአዳራሹ ጫፍ ሲዞሩ ሮና ከምድጃው አጠገብ ቆማ አዩአት። ካርጊል በቀልድ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣትና ሁለቱን ትቶ ሄደ። ዳኛ በዚያ ወለል ላይ ከጠበቃ ጋር አይመላለስም። እሷ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ገና ዳኛ አይደለችም።

«አንድ ዙር እንሂድ?» አለችው።

«ስለ ጉዳዩ አንነጋገርም።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ጎን ለጎን ተራመዱ። አብራው ለመራመድ ድሮ እርምጃዋን ታፈጥን ነበር፤ አሁን እሱ ነው የሚያፈጥነው።

«አባትሽ መጣ?»

«ከንጋት ጀምሮ እዚህ ነው። ዘበኛውን ‹ልጄ ስትፈርድ ማጨብጨብ ይቻላል?› ብሎ ጠይቆታል።»

«ምን አለው?»

«‹ከተፈረደብዎ አይመከርም› አለው።»

ኒንያን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ኪስሽ ውስጥ ክተቺው።»

«ካባው ኪስ የለውም።»

«እንግዲያውስ ወረቀት ያዢበት። የሰው ዓይን ወረቀቱ ላይ ነው የሚያርፈው።»

በመስኮቱ ባለቀለም መስታወት የገባው ብርሃን ጫማቸው ላይ ወድቋል። ግድግዳው ዘንድ ደረሱ፤ ልትዞር ስትል ቆመች። ዙሩ አልቆ ነበር። ችሎት ጠሪው ዱጋልድ፣ የብር ዘንጉን በትከሻው ይዞ፣ በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል።

ከታች ያለው ችሎት ጠባብ ነው። ዱጋልድ ዘንጉን ከወንበሩ ጀርባ ሰቀለና ሁሉም ተነሡ። ጆሮው የከበደው ነባሩ ዳኛ ሎርድ ባልሙር ቀድሞ ገባ፤ ሮና ተከትላው ከጎኑ ተቀመጠች። ተመልካቹን ከችሎቱ በሚለየው የእንጨት አጥር ጋ አባቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሏል። ከኒንያን ኋላ ጉዳዩን ያመጣለት የባለአደራዎቹ ወኪል ሚስተር ፔቲግሩ ሰዓቱን ያያል፤ ለምሳ ጠረጴዛ አስይዟል።

ኒንያን ተነሥቶ ጎንበስ አለና ተናገረ። አጭርና ንጹሕ ንግግር ነበር። የሟቿን ቃል፣ የመንደሩን መድከም፣ የቤቱን ባዶነት፣ የጋዜጣውን ጥሪ፣ የሕይወት አድን ጀልባውን በየተራው አስቀመጠ። ባልሙር በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርስ ኒንያን ቀና ብሎ ቃሉን ጠበቀ።

ሮና ወረቀት ገለጠች። «አቶ ትዊዲ» አለች።

ከዚህ በፊት በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። የጠራችው ድምፅም የምድጃው ዳር ድምፅ አልነበረም። ከፍ አላለም፣ አልጠነከረም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ሁሉ አንድ ላይ ቆመ።

«ክብርት ሆይ።»

«የቤቱን ዋጋ ከገመተው ሰው ዘገባ ኋላ የተያያዘውን ፎቶግራፍ ይመልከቱልኝ። ሦስተኛው በር።»

ፎቶግራፉን አወጣ። ከዚህ በፊት አይቶታል፤ ያየው ግን ጣሪያውን፣ ከክዳኑ የጎደሉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮችና ከኋላ ያለውን ባሕር ነበር። አሁን ዓይኑን ወደ ሦስተኛው በር አወረደ። ከበሩ እስከ አንድ ምሰሶ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ አንሶላ፣ ፎጣና አንድ ሰማያዊ ሽርጥ ተሰጥተዋል። ነፋሱ ሽርጡን ነፍቶታል።

«ቤቱ ባዶ ነው ብለውናል» አለች። «ይህን ልብስ ማን አሰጣው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና አፈነው። ባልሙር እጁን ከጆሮው ጀርባ አደረገ። «ምን አሰጣው?»

«ልብስ፣ ጌታዬ» አለች ሮና ወደሱ ዞራ። «የታጠበ ልብስ።»

«አሃ» አለና እሱም ፎቶግራፉን ፈለገ።

ፔቲግሩ የኒንያንን ካባ ከኋላ ሳብ አደረገ። «‹ባዶ መሆኑ ተነግሮኛል› ይበሉ» አለው በሹክሹክታ። «ውሸት አይደለም። እኔ ነግሬዎታለሁ።»

ውሸት አልነበረም። በዚያ ፍርድ ቤት ጠበቃ ቆሞ የተናገረው ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ዳኛ የጠበቃን ቃል ይቀበላል፣ ክብሩም ሸክሙም ይኸው ነው። «ተነግሮኛል» ቢል ሮና መቀበል ይኖርባታል። «ተፈቅዷል» ትላለች፤ ይህንኑ ለሦስቱ ዳኞች ተናግራ ትምላለች፤ ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ይሄዳል፤ እሱም ዊጉን ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ስካርታን ቁልፍ የያዘ ሰው ይሄድና ያን ገመድ ይበጥሳል።

እንዴት እንዳለፈው ገባው። ፔቲግሩ ቀላል ነው ብሎ አመጣው፤ እሱ ቀላል ነው የተባለ ነገር ምን ይኖረዋል ብሎ ፈረመበት፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ እሱ ሲለምነው ለፈተናው መረጠው። ሁሉም ከፊቱ ያለፈውን ሰው አምኖ ነው ያለፈው።

ቀና አለ። ሮና ታየዋለች። ወረቀቱ በእጇ ላይ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፤ ከሱ በቀር ያየው ሰው የለም። ዓይኗ ውስጥ ልመናም ሆነ ይቅርታ አልነበረም። ጠይቃዋለች፤ መልሱን ትጠብቃለች፤ በቃ። ስንት ዳኛ ፊት እንደቆመ ቁጥሩን አያውቀውም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ፊት ግን የቆመው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህችኛዋ ያሳደጋት ልጅ መሆኗ ምንም አላቀለለለትም።

«አላውቅም፣ ክብርት ሆይ» አለ።

«ሄዶ በሩን ያንኳኳ ሰው አለ?»

«እኔ እስከማውቀው የለም። ገማቹ ፎቶውን ከመንገድ ላይ ነው ያነሣው። ፎቶው በእጄ ነበር፤ እኔም አላየሁትም።»

ፔቲግሩ ካባውን ለቀቀ።

«አመሰግናለሁ፣ አቶ ትዊዲ» አለች ሮና፤ ዱጋልድም ችሎቱ አብቅቷልና ዘንጉን አወረደ።

ላይኛው ችሎት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሦስቱ ዳኞች ከፍ ባለው ወንበር ላይ ነጭና ቀይ ካባቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው፣ ቀጭኑና መነጽሩን ከአፍንጫው ጫፍ የማያነሣው፣ የዳኞቹ ሁሉ የበላይ ሎርድ ፕሬዚዳንት ነው። አራተኛ ወንበር በስተግራ ባዶውን ቆሟል። ሮና ከታች፣ ጠበቃ በሚቆምበት ቦታ፣ በጥቁር ካባ ቆመች። ኒንያን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ ካርጊል ጠጋ አለለት።

«ፊትህ ምን ሆነ?»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ሮና ጉዳዩን ተናገረች። የኒንያንን ቃላት ሳትቀንስና ሳትጨምር፣ በሱ ቅደም ተከተል፣ ከሱ በተሻለ አድርጋ ነገረቻቸው። ሰዎቹ መጨረሻውን ስለሚያውቁት ከግማሽ በኋላ መተንፈስና መላወስ ጀምረው ነበር።

«እኔ ብሆን» አለች፣ «ልመናውን ዛሬ አልፈቅድም።»

መላወሱ ቆመ። ከዳኞቹ አንዱ ብዕሩን አነሣ። ካርጊል ወደ ኒንያን ዞረ፤ ኒንያን ወደ ፊት አየ።

ሎርድ ፕሬዚዳንት አልተቸኮለም። «ተቃዋሚ አልቀረበም ብለውናል» አለ።

«አልቀረበም፣ ጌታዬ።»

«ቤቱም ባዶ ነው።»

«ጽሑፉ ባዶ ነው ይላል። ፎቶግራፉ ላይ በር ፊት የተሰጣ ልብስ አለ። ጠበቃው ሲጠየቁ አላውቅም አሉ።»

«አቶ ትዊዲ ናቸው አላውቅም ያሉት?»

«እሳቸው ናቸው።»

ሽማግሌው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ሁለተኛውን ረድፍ አየ። «አቶ ትዊዲና እኔ በዚህ ቤት ብዙ ኖረናል» አለ። «ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ያን ያህል ዘመን ጠብቄአለሁ።»

ሳቅ ሆነ። ኒንያን ጆሮው ጋለ። ሽማግሌው ግን ዓይኑን ወደ ሮና መለሰ፤ ሳቁም ወዲያው ረገበ።

«ወረቀቱ የተሟላ ነው። ተቃዋሚ የለም። ዛሬ ቤተሰብዎ እዚህ ተቀምጧል። ምን ይደረግ ይላሉ?»

«ሰው ይሂድና በሩን ያንኳኳ፣ ጌታዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የሚከፍተውን ሰው እንጠይቅ።»

ሎርድ ፕሬዚዳንት ወደ ቀኝ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ወደ ግራም እንዲሁ። ኒንያን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ከንፈራቸውን ለማንበብ ሞከረ። ያስጨነቀው የራሱ ልመና አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ለዚህች ሴት የሚሏት ነገር የሱንም ዘመን የሚመዝን መሰለው።

«ፍርድ ቤቱ የተፈታኟን አስተያየት ሰምቷል» አለ ሎርድ ፕሬዚዳንት። «ረክቶበታልም። ልመናው ባለበት ይቆይ፤ በሩ ይንኳኳ።»

የመሐላው ቃል ተነበበ። ሮና ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ማለች። እጇ አሁን አይንቀጠቀጥም። ዱጋልድ ቀይ መስቀሎች የተሰፉበትን ነጭ ካባ ይዞ መጣና አለበሳት፤ እንደ ልብስ ሰፊም የካባውን አንገት አቃናላት። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። ሦስቱ ዳኞች በየተራ እጇን ጨበጡ። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጎንበስ አለላት።

ኒንያንም ጎንበስ አለ። ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሏል፤ ልማድ ነው፣ አንገት ራሱ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ቶሎ አልተቃናም። በዚህች ሰዓት በሰሜን ጠረፍ አንድ ሰው ልብስ ያጥብ ይሆናል። ያ ሰው ስለዚህ ጣሪያ፣ ስለዚህ ካባ፣ ስለ ብር ዘንጉና በዘይት ቀለም ተሥለው ስለ ተሰቀሉት የሞቱ ዳኞች ምንም አያውቅም። ይህ ሁሉ ግን አንድ ሽርጥ ስለታየ ቆመ። ቆሞም አልፈረሰም። ኒንያን በዚህ ቤት ዕድሜውን ፈጅቶ፣ ቤቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ገና ዛሬ ያየው መሰለው።

በምሳ ሰዓት ካርጊል የዓሣ ሾርባውን እያማሰለ፣ «የገዛ ሰይጣንህ ከመካከልህ ቆረጠችህ» አለው።

«በደንብ አድርጋ።»

«ፔቲግሩ ጠረጴዛውን ሰረዘ። ባለአደራዎቹ ሌላ ጠበቃ እንያዝ ብለዋል አሉ።»

«ይያዙ።»

«ደግሞስ የመጨረሻህ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ አሁን ማን ነው የሚያንኳኳው?»

«ጽሑፉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ ኒንያን። «ዳቦውን አቀብለኝ።»

ቅዳሜ ዕለት ከፔቲግሩ ጋር ወደ ስካርታን ነዱ። ፔቲግሩ መንገዱን ሙሉ አኩርፎ ነበር፤ መንደሩ ሲታይ፣ «እዚህ ማን ይኖራል?» አለ ለራሱ። ዝናቡ በጎን ይመጣል። ኒንያን ኮሌታውን አቁሞ እስከ ሦስተኛው በር ሄደና አንኳኳ።

«ክፍት ነው፤ ግፋው!» አለ የሴት ድምፅ። «ጫማህን ግን አራግፍ።»

ወይዘሮ ዊለሚና ጋት ክንዷ ወፍራም፣ ዓይኗ የደከመ አሮጊት ነበረች። ባሏ ከወንድሙ ጋር አንድ ክረምት ወጥቶ አልተመለሰም። ቤቱን የሰጣት የባለአደራዎቹ ሰው ነበር፤ እሱ ሞተ፤ ከሱ በኋላ ደግ ወይም ክፉ ብሎ የመጣ የለም። ጣሪያውን ልጇ ከሥራ ሲመለስ ይጠጋግነዋል።

«በጋዜጣ ጠርተናል እኮ፣ እማማ» አለ ፔቲግሩ።

«እኔ ጋዜጣ ለምድጃ ነው የምገዛው፣ ልጄ። ዓይኔ አይረዳኝም። አንድ ሰው መጥቶ ከመንገድ ላይ ፎቶ ሲያነሣ ግን አይቻለሁ። ባሕሩን ያነሣ መስሎኝ ዞር አልኩለት።»

ሻይ ቀዳችላቸው፤ የአጃ ቂጣና አይብም አቀረበች። ኒንያን የመጡበትን ነገራት፤ ቤቱ ሊሸጥ እንደነበር፣ ባዶ ነው ተብሎ እንደተጻፈ፣ የጻፈውም እሱ እንደሆነ። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ታዲያ ባዶ አለመሆኑን ማን ነገራችሁ?»

«ዳኛዋ። ፎቶው ላይ የተሰጣ ልብስ አይታ።»

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

«እንዲያ በይኝ» አለች አሮጊቷ፣ እዚያ የሌለችውን ሴት እንደምታናግር። ከዚያ ፊቷ ላይ ሥጋት መጣ። «አንሶላዬን ዳኞቹ ሁሉ አዩት?»

«ሁሉም፣ እማማ።»

«ንጹሕ ነበር?»

«በጣም ንጹሕ ነበር።»

«እሱስ ደግ» አለች። ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው አይደል? ካባ የለበሱ?»

«ትልልቅ ናቸው።»

«እና ነገሩን ሁሉ ትተው፣ ሂዱና ጠይቋት አሉ። እኔን።»

«እንደሱ ነው ያሉት።»

ፔቲግሩ ቂጣውን መብላት አቁሞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ተመልሶ፣ «ሌሎቹን ሦስት ክፍሎች ማየት ይቻላል?» አላት፤ «የሚኖርባቸው ከሆነ ጣሪያው መጠገን ይኖርበታል።»

«ይቻላል» አለች እየተነሣች። «መሰላል መያዝ ታውቃለህ?»

ሰኞ ጠዋት ኒንያን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ ባለው መተላለፊያ፣ መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠ። በግድግዳው ሥር ጠበቆቹ ወረቀት የሚቀባበሉባቸው የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ስም በናስ ተጽፎበታል፤ ክዳናቸው አይቆለፍም። ባለአደራዎቹ ቅዳሜ ማታ ከፔቲግሩ ጋር ተነጋግረው ሌላ ጠበቃ መፈለጉን ትተውታል። ሦስቱ ባዶ ክፍሎች ለሌሎች ችግረኛ ሴቶች እንዲከፈቱ፣ ሴትየዋም እስከ ዕድሜዋ ድረስ እንዳትነካ የሚል አዲስ ልመና ይቅረብ ብለዋል። ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ሮና ችሎት ይሄዳል። የሚቆመው ሰው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይተዋል፤ ወይም አይተውም።

አሮጌውን ጽሑፍ ከፊቱ ዘረጋ። «ቤቱ ባዶ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በማስመሪያ ሰረዘው። ከጎኑ፣ ጠበብ ባለው ኅዳግ ላይ፣ በጥንቃቄ ጻፈ፦ «በሦስተኛው በር ወይዘሮ ዊለሚና ጋት ይኖራሉ፤ ጠይቀናቸው መልሰዋል።» ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ በሐምራዊው ክር አሰረና ለጸሐፊው እንዲሄድ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን መለሰ።